አረፋው ሥር
በር ላይ የሴቶችን ቦርሳ የምትፈትሸው ሴትዮ ቆቧን እስከ ቅንድቧ ድረስ ነው የምትደፋው። "እትዬ፣ ብርድ ገባ እንዴ?" እያለ የሚያላግጥባት አይጠፋም። ምን አገባው? እሷ ግን ስቃ ታልፈዋለች። ቦርሳ ውስጥ ማበጠሪያ ሲገጥማት ብቻ እጇ ይዘገያል። ጥርሱ ላይ የቀረውን የሰው ፀጉር አየት ታደርግና፣ "በይ ግቢ እናቴ" ትላለች ቀስ ብላ።

እሷም ቦርሳዋ ውስጥ የፈንገስ መድኃኒት ያለበት ሻምፑ ይዛለች። ሐኪሙ "በሳምንት ሁለት ቀን፣ አምስት ደቂቃ ብቻ አቆይተሽ ታጠቢው። ለቆዳሽ ይረዳል፤ የረገፈው ፀጉር እንዲመለስ ግን ቃል አልገባም" ብሏታል። እሷ በየቀኑ ተቀብታው ግማሽ ሰዓት አረፋ ተሸክማ ትቀመጣለች። የራስ ቆዳዋ ተላጠ።

"ጭንቅላትሽን እንደ ልብስ ትዘፈዝፊዋለሽ እንዴ?" ብላ ተቆጣቻት መድኃኒት ሻጯ። መቆጣቷስ ደግ፤ ግን ምን እንዳስቸኮላት የጠየቀ ማን አለ?

ሳትጠየቅ ራሷ ተናገረች። "እናቴ ዓይኗ ጠፍቶ ድምፅ መለየት ካቃታት ወዲህ የምታውቀኝ ሹሩባዬን ዳብሳ ነበር። ባለፈው ራሴን ዳበሰችና 'አንቺ ማነሽ? ልጄን ጥሩልኝ' አለችኝ።"

አሁንም በየሳምንቱ እናቷ ጋ ትሄዳለች። ቆቧን እንደደፋች አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። አሮጊቷ "ልጄስ?" ሲሏት፣ እንደ ጎረቤት ሆና ትመልሳለች።

"ትመጣለች እማማ። ፀጉሯን እየታጠበች ነው።"