እህት ተብላ የተጻፈች ሚስት

የዘርአ ዳዊት የእጅ ጽሑፍ ታይቶ አይጠገብም ነበር። የደብተራ ልጅ ነው፤ አባቱ ብራና ላይ ሲጽፉ እያየ አደገና እሱ ደግሞ አንኮበር፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የገበሬ መዝገብ ያዥ ሆነ። በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ከላይ የመጣው ቅጽ አሥራ ሁለት ዓምድ ነበረው፦ የአባወራ ስም፣ የሚስት ስም፣ ልጆች፣ የልጆች እናት፣ አብሮ የሚኖር ዘመድ እያለ ይቀጥላል። ያንን ቅጽ ያዘጋጀው ሰው፣ ማን እንደሆነ እንጃለት፣ ቁልቁል ወደ ቆላው፣ ወደ አልዩ አምባ ወርዶ እንደማያውቅ ያስታውቃል። እዚያ ሁለት ቤት ያለው አባወራ ሞልቷል፤ ቅጹ ግን ለሚስት የሰጠው አንድ መስመር ብቻ ነው።

ዓወል የሚባል ገበሬ ሲመዘገብ ትልቋ ሚስቱ ሰሊሃ ያቺን መስመር ያዘቻት። ታናሿ ኩብራ ከነጭራሹ ከምትቀር ብሎ፣ ዘርአ ዳዊት "ዘመድ" ከሚለው ዓምድ ሥር "እህት" ብሎ አስገባት። ለሷ ግን አልነገራትም። መቼም ደግ የሠራ መስሎታል!

ስምንት ዓመት አለፈ። ዓወልን ወባ ገደለውና የሟች ማሳ በመዝገብ ለተጻፈች ሚስት ብቻ ይጽና የሚል ትእዛዝ መጣ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዘይኑልአቢዲን መዝገቡን ሲያስነብብ ጭንቅላቱን ያዘ። የኩብራን ኒካህ ድግስ የበላ ሰው ነው፤ ግን በዚያ ዘመን ትእዛዝ ማን ይከራከራል? ማሽላዋ ገና እሸት ሳለ፣ ማሳውን ለቃ ወደ አባቷ ቀዬ እንድትሄድ ተነገራት።

ኩብራ ያንን አቀበት ወጥታ ቢሮው በር ላይ ቆመች። አልጮኸችም። "መዝገቡ ሚስቱ አይደለሽም ይላል አሉኝ። እርስዎ አይደሉ እንዴ የጻፉኝ?" አለችው።

ዘርአ ዳዊት "አሳስቼ ጻፍኩ" ቢል አሻጥር ተብሎ ሊታሰር ነው፤ ዝም ቢል ሴትዮዋ ከነልጆቿ ሜዳ ላይ ልትወድቅ ነው። ሦስት ቀን እህል በአፉ አልዞረም። ሰው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው በኋላ ሲፈለግ ያው ራሱን ሆኖ እንዲገኝ አይደል? ኩብራ ሚስት ሆና ገብታ እህት ሆና ወጣች።

በአራተኛው ቀን አንድ ባዶ ደብተር አሰመረ። ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ሰጠ፤ በደብተሩ ላይ ደግሞ የማን ቁጥር ለማን ቁጥር ምኑ እንደሆነ በየመስመሩ ጻፈ። ሚስት ሁለትም ትሁን ሦስት፣ መስመር ይጨመራል እንጂ ቦታ አያልቅም። ይዞት ወደ አለቃው ወደ ገብረአማኑኤል ገባና የኩብራንም ነገር አስረዳው።

"ጓድ ዘርአ ዳዊት፣ ይሄስ ግሩም ነው። እህት ብሎ የጻፈው ግን ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

አለቃው ትክ ብሎ አየው። "ለሥራህ ስል አልፌሃለሁ። ሚስቱ ተብላ ትጻፍ፣ ማሳው ይጽናላት። ሁለተኛ ግን እንዲህ ያለ ነገር እንዳልሰማ!"

ዘርአ ዳዊት ምርቃት ሊቀበል ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደ። ኩብራ እህት ተብላ መጻፏን ጭምር ሁሉንም ከአፉ ሰማች።

"አልሐምዱሊላህ፣ መሬቱስ ይሁን" አለች። "ስምንት ዓመት ሙሉ እህቱ ካደረጉኝ ግን፣ ከሱ የወለድኳቸውን ሦስት ልጆች ምን አድርገዋቸው ነበር?"

መዝገቡ ትዝ አለው፦ አባት ዓወል፣ እናት ኩብራ፣ ኩብራ የዓወል እህት፤ በዚያ በሚያምር ጽሑፉ አንድ ገጽ ላይ አስፍሮታል። ከእፍረቱ የተነሣ ይቅርታ እንኳ በወጉ ሳይላት ተመለሰ።

ቢሮ ገብቶ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ገለጠ። "እህት" ብሎ ያስገባት ኩብራን ብቻ አልነበረም። የሌሎቹ ባሎች በሕይወት አሉ፤ የጠየቀም የለ፤ እሱ ዝም ካለ ማንም አያውቅም። ቆጠራቸው። ተነሥቶ የአለቃውን በር አንኳኳ።

"ምነው? ደግሞ ምን ሆንክ?"

"ሁለተኛ እንዳልሰማ ብለውኝ ነበር" አለና መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ሌሎች አሥራ ስድስት አሉ።"