ኮከባችሁ አልገጠመም ያሉን ሰዎች

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ማርያማዊት የእህቴ የየብርጓል ልጅ ናት፤ እናቷ በወሊድ ስትሞት እኔ ሽታዬ በጡጦ አሳደግኋት። እማዬ እያለች ስለምትጠራኝ እዚህ ቁይ ከተማ ውስጥ እኔ የወለድኋት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዛሬ የፊዚክስ አስተማሪ ናት።

አምና ከውጭ አገር በኢንተርኔት የሚላኩ የሰማይ ፎቶዎችን ስታስተያይ አንዲት ነጥብ አገኘች። ከዋክብቱ ባሉበት ሲረጉ ያቺ ነጥብ ከፎቶ ፎቶ ፈቀቅ ትላለች። በማርስና በጁፒተር መካከል ሆና ፀሐይን የምትዞር፣ ከዚህ በፊት ማንም ያላያት ድንጋይ ናት አለችኝ። ስፋቷ ከቤታችን እስከ ገበያው ቢሆን ነው፤ እንደ ከሰል የጠቆረች፣ አንዴ ለመዞር ከአራት ዓመት በላይ የሚፈጅባት። ወደ እኛ አትመጣም። ስም እንኳ ገና የላትም፤ መንገዷ በደንብ እስኪታወቅ ለዓመታት ደጋግመው ይለኳታል፣ እስከዚያ በቁጥርና በፊደል ትጠራለች።

እጮኛዋ አንተነህ የባንክ ሠራተኛ ነው። ዜናውን ለአገሩ ሁሉ ያወራው እሱ ነበር። ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ፣ ጌሾው ሁሉ ተገዝቶ ሳለ አባቱ አያ ይታያል ኮከብ አስቆጠሩ። ቆጣሪው የልጅቱን ስም ከእናቷ ስም ጋር ደምሮ አይገጥምም አለ። አንተነህም፣ ያ ዲግሪ የጫነ ጎረምሳ፣ አባቴን እምቢ አልልም ብሏት አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ልጄ እህል አልቀምስ አለች። እኔ ግን የምችል ሰው አይደለሁም። ነጠላዬን ደርቤ አያ ይታያል ቤት ገባሁና በእናቷ ስም ማንን እንዳስቆጠሩ ጠየቅኋቸው። አንቺን ነዋ አሉኝ። እናቷ የሞተችው እህቴ መሆኗን ጎረቤት እስኪሰማ ነገርኋቸው።

"ለሰማይ ድንጋይ እንኳ ደጋግመው ለክተው ነው የሚወስኑት" አልኋቸው። "እርስዎ የእናቷን ስም ሳያጣሩ ልጄን ጣሉብኝ።"

በሳምንቱ አባትና ልጅ ሽማግሌ አስከትለው መጡ። በየብርጓል ስም ተቆጥሮ ገጥሟል፣ እንዲያውም እንዲህ ያለ መግጠም አይገኝም ተባለ። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ጠላ ቀዳሁላቸው።

ማርያማዊት አንተነህን ብቻ ነበር የምታየው።

"በእናቴም ስም ባይገጥም ኖሮ ትመጣ ነበር?" አለችው።

አባቱን አየ። ከዚያ መሬት መሬቱን።

ጠላውን ከፊታቸው አነሣሁት።