ቨርና የመዘገበችው አንድ ምት

ቨርና ኦልሼቭስኪ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ሁለቱም ጉልበቶቿ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል። ሐኪሟ ደረጃ እንዳትወጣና እንዳትወርድ ከልክሏታል፤ የስታዲየማችን ሰዎችም ደረጃ የሌለበት፣ ጥላ ያለው ጥሩ ቦታ እንሰጥሽ ብለዋታል። "እዚያ ተቀምጬ የማየው የሰው ማጅራት ነው" አለቻቸው። ስለዚህ የቤዝቦል ጨዋታ ባለ ቁጥር የብረቱን ድጋፍ ይዛ፣ አንድ እግሯን አስቀድማ ሌላውን እያስከተለች፣ ሃያ ሁለቱን ደረጃ ወርዳ ቤዝ ከሚሏቸው የሯጭ ማረፊያዎች ከሦስተኛው ጀርባ፣ ክፍል አሥራ ሁለት፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። እንዲህ ስታደርግ ሠላሳ ሦስት ዓመት አልፏል። ልደግፍሽ ያላት ሰው ሁለተኛ አይሞክራትም።

በሐይቅ ዳሯ የአሜሪካ ከተማ በኢሪ እንደ እሷ ያለ ሰው ጥቂት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የባቡር ሞተር በሚሠራው ፋብሪካ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የዘንግ መርማሪ ነበረች። ከመሣሪያው የወጣውን ብረት ትለካለች፣ በጣቷ ትዳብሳለች፣ ካመነችበት ማኅተሟን ትመታበታለች። አንድ ጊዜ አለቃዋ ዓይን የማታየው ስንጥቅ ያለባትን ዘንግ "አሳልፊያት፣ ባቡሩ እየጠበቀ ነው" አላት። "ባቡሩ ይጠብቅ" አለችው። ዓመት ሙሉ ማንም ወደማይፈልገው ፈረቃ ወረወሯት። ስለዚህ ጉዳይ ስታወራ ሰምቼያት አላውቅም፤ የነገረኝ ባሏ ስታን ነው፣ ከመሞቱ በፊት።

ቨርና ጨዋታ የምትመዘግብበት ወፍራም አረንጓዴ ደብተር አላት። ለያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ገጽ፣ ኳሱን በዱላ ለሚመታ ለያንዳንዱ መቺ አንድ ትንሽ ካሬ። ሰውየው መትቶ በሩጫ ቤዝ ደረሰ ወይስ ተቃጠለና ከተራው ወጣ፣ እንዴት፣ በማን እጅ፣ ሁሉም እዚያች ካሬ ውስጥ ይገባል። ክለቡም የራሱ መዝጋቢ አለው፤ ከላይ በመስታወት ክፍል ተቀምጦ የወሰነው በትልቁ ሰሌዳ ላይ ይወጣል፣ በማግስቱም ጋዜጣው ያትመዋል። በክፍል አሥራ ሁለት ግን ክርክር ሲነሳ ሰሌዳውን የሚያምን የለም። ቨርና ገጿን ትገልጣለች፣ የተሳሳተው ቢራ ይገዛል፣ ነገሩ ያልቃል።

ከቀኟ ባለው ወንበር ሮስኮ ቲብስ ይቀመጣል። ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ከአንድ ከረጢት ኦቾሎኒ እየበሉ፣ ቅርፊቱን በየእግራቸው ሥር እየጣሉ፣ ሲነታረኩ ኖረዋል። የሮስኮ የልጅ ልጅ ደሪያን ለመቺዎች ኳስ የሚወረውር ወርዋሪ ነው፤ ሮስኮ ራሱ ነው ያሳደገው። ክለቦች ጀማሪ ተጫዋቾችን በአገሩ ሁሉ ሲበትኗቸው ደሪያን በዚህ ጸደይ የገዛ ከተማው ቡድን ደረሰው። ሮስኮ ያን ቀን ለማያውቀው ሰው ሁሉ ደውሏል።

እንግዲህ ያ እሑድ። ሐምሌ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ የሰዉን ኮፍያ የሚነጥቅበት ቀን። ደሪያን እየወረወረ ነበር። አምስት ዙር አለፈ፣ ስድስት አለፈ፤ ከተጋጣሚው ቡድን አንድም ሰው ኳሱን በደህና መትቶ ቤዝ አልደረሰም። ዘጠኝ ዙር ሙሉ አንድም ምት ሳያስመታ የጨረሰ ወርዋሪ ስሙ ሲጠራ ይኖራል። አብዛኞቹ ሲወረውሩ አርጅተው አንዴም አያገኙትም። ደግሞ ነገሩ እየሆነ ሳለ ነገሩን በስም መጥራት አይቻልም፤ ከጠሩት ይበላሻል። ስለዚህ ስድስት ሺህ ሰው ስለ አየሩ ያወራ ነበር።

"ሮስኮ፣ ሽንት ቤት ሂድ። ወንበሩን እያንቀጠቀጥከው ነው" አለችው ቨርና በሰባተኛው ዙር።

"አልሄድም። እዚህ ተቀምጬ ነው እንዲህ የሆነው።"

"ምን የሆነው?"

"ዝም በይ! አንቺ ሴትዮ ልትጨርሺኝ ነው?"

ስምንተኛው ዙር ላይ ሁለት ሰው ተቃጥሎ ዙሩ ሊያልቅ አንድ ቀርቶ ነበር። ከተጋጣሚው ቡድን አንድ ረጅም ግራኝ ልጅ ሊመታ ቆመ። ሮስኮ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። ከኋላ ያለችው ሴት መስቀሏን ጨበጠች። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጫማዬን ነበር የማየው። የዱላውን ድምፅ ሰማን። ቀና ስል ኳሱ መሬት ነጥሮ ከመካከለኛው ተከላካያችን ከኤሚሊዮ በስተቀኝ እየተንከባለለ ነበር፣ ኤሚሊዮ በሆዱ ተኝቷል፣ ግራኙ ልጅ አንደኛው ቤዝ ላይ ቆሟል።

ሁሉም ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየ። ተከላካዩ መያዝ የሚገባውን ኳስ ጥሎት ከሆነ "ስህተት" ይባላል፤ ወርዋሪው ንጹሕ እንደሆነ ይቀጥላል። ማንም ሊይዘው የማይችል ከሆነ ግን ምት ነው፤ ሁሉ ነገር እዚያው አበቃ። መዝጋቢው ቆየ። ከዚያ በሰሌዳው ላይ "ስህተት" የሚለው በራ፣ "ምት" ከሚለው ሥር ያለው ዜሮ ሳይነካ ቀረ፣ ሰዉም ጣሪያ ያለ ይመስል ጣሪያውን ሊያፈርስ ጮኸ።

ዘጠነኛውን ዙር አልተርከውም። ሦስት መቺ፣ ሦስቱም ተቃጠሉ። የቡድኑ ልጆች ደሪያን ላይ ተከምረው ባለ በረዶ ውኃ ደፉበት። ሮስኮ ዞሮ ያገኘውን ሁሉ እየሳመ ነበር። ፊቱ ላይ ያለው እንባ ይሁን የኦቾሎኒ ጨው አላውቅም።

"ገጿን ስጪኝ" አላት ቨርናን። "ቅደጂና ስጪኝ። በመስታወት ፍሬም አሠርቼ ሳሎኔ እሰቅለዋለሁ። የጋዜጣውን አልፈልግም፣ ያንቺን ነው የምፈልገው።"

ቨርና ደብተሩን ጭኗ ላይ አቀፈችው። "ቤትህ ሄደህ ተኛ፣ ነገ እናወራለን።"

"ምን ሆነሻል?" ዘንበል ብሎ ከክንዷ ሥር አየ። ካሬዎቹን በጣቱ ቆጠረ፣ ስምንተኛው ዙር ላይ ቆመ። "ይሄ ምንድነው?"

"ምት ነው።"

"ቨርና።"

"ምት ነው፣ ሮስኮ።"

"ሰሌዳው ስህተት ብሏል!"

"ሰሌዳውን አልጠየቅኩትም። ኳሱ ሲነጥር ጽፌ ነበር።"

ወዲያው ወሬው ከረድፍ ረድፍ ዘለለ። አምስተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጠው ግሌን፣ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ድምፁ ከማጉያ ይበልጣል፣ ተነሳና "ሴትየዋ ዓይኗን ትመርመር!" ብሎ ጮኸ።

"ባለፈው ወር ተመርምሬያለሁ" አለችው ዞር ሳትል። "አንተ ጭንቅላትህን የምታስመረምረው መቼ ነው?"

ሰዉ ሳቀ፣ ሮስኮ ግን አልሳቀም።

"አይተኸዋል?" አለችው ቨርና ዝግ ብላ።

"ኮፍያዬ ፊቴ ላይ ነበር።"

"እንግዲያውስ?"

"እንግዲያውስ ላይ ያለው ሰውዬ አይቶታል! ሥራው ነው!"

"ላይ ያለው ሰውዬ ሲወስን ስድስት ሺህ ሰው እያየው ነበር። እኔን ማንም አላየኝም።"

"ሃያ ስድስት ዓመት አጠገብሽ ተቀምጫለሁ" አለ ሮስኮ። "ስታን የሞተ ክረምት ደጅሽን በረዶ የጠረገው ማነው? አንድ ካሬ ነው የለመንኩሽ። አንድ! ለልጁ!"

"ጠርገሃል። አልረሳሁትም። ነገ ቤትሽን ሽጠሽ ስጪኝ ብትለኝ አስብበታለሁ። ካሬዋ ግን የኔም አይደለች፣ ያንተም አይደለች።"

"የማን ናት ታዲያ?"

"የዚያ ግራኝ ልጅ ናት። እሱም አያት ይኖረዋል። ቢያንስ አንድ ሰው የመታውን ይጻፍለት።"

ሮስኮ ኮፍያውን አድርጎ ሄደ። ደረጃውን ሲወጣ ወደ ኋላ አላየም።

ሰኞን እንዴት እንዳሳለፈችው ኋላ ነግራኛለች። ወጥ ቤቷ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ኳሱን በሐሳቧ ደጋግማ ታስመታ ነበር። የምትፈልገው የምትሸነፍበትን ምክንያት ነው። ኤሚሊዮ ግማሽ እርምጃ ዘግይቶ ቢሆንስ? የኳስ መያዣ ጓንቱን ቀደም ብሎ ዘርግቶ ቢሆንስ? መሳሳት ተመኘች። ስህተት ሆኖ ብታገኘው ወዲያው ሮስኮ ደጅ ሄዳ ልታንኳኳ ጫማዋን አድርጋ ነበር የተቀመጠችው። ኳሱ ግን በነጠረ ቁጥር የጓንቱን ጫፍ ነክቶ ያልፋል፤ ማንም ሰው አይደርስበትም። ሲመሽ ጫማዋን አወለቀች።

አሪዞና ያለችው ልጇ ደውላ "እማዬ፣ አንዲት ምልክት ናት እኮ፣ ብትለውጫት ምን ይጎድልብሻል?" አለቻት። "ምን እንደሚጎድልብኝ ካላወቅሽ አንቺን ያሳደገሽ አባትሽ ብቻ ነው" ብላ ስልኩን ዘጋች።

ረቡዕ በእኩለ ቀን ጨዋታ ነበር። ብዙዎቻችን አትመጣም ብለን ነበር። መጣች። ደረጃው አናት ላይ ስትታይ ግሌን ተነሳና እጁን እንደ ባንድ መሪ አወናጨፈ፤ ክፍል አሥራ ሁለት በሙሉ "ስህ-ተት! ስህ-ተት!" እያለ መጮህ ጀመረ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ። ቨርና ብረቱን ይዛ አንድ ደረጃ ወረደች፣ ቆመች፣ ሁሉንም አየቻቸው፣ ሌላ ደረጃ ወረደች። እንደዚህ ያለ ቀስ ያለ አወራረድ አይቼ አላውቅም። ጉልበቷ አሟት አልነበረም። ሆን ብላ ነው። ሃያ ሁለቱንም ደረጃ እስከ መጨረሻው አስጮኸቻቸው፤ ስትቀመጥ ግማሾቹ ድምፃቸው ዘግቶ ነበር።

የሮስኮ ወንበር ባዶ ነው። እሱ ከመተላለፊያው ማዶ ተቀምጧል፣ ፊቱን ወደ ሜዳው አድርጎ።

ጨዋታው ሳይጀመር ደሪያን ሜዳውን አቋርጦ ከአጥሩ ሥር መጣ። "ሚስ ቨርና፣ ይምጡ እስቲ። ደብተሩንም ይያዙት።"

ወረደች። እኔ ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁ።

"አያቴ ሁለት ቀን ምግብ አልበላም" አላት።

"ማን? ሮስኮ?"

"እሺ፣ ቁርስ ብቻ ነው የሚበላው። ያሳዩኝ።"

ገለጠችለት። ረጅም ጊዜ አየው። ወጣት ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ አገጩ በንዴት መጠንከሩ ከሩቅ ይታይ ነበር።

"የሚያዝ ኳስ ነበር። ኤሚሊዮ ራሱ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎኛል።"

"ኤሚሊዮ ጓደኛህ ነው።"

"እርስዎ ደግሞ የአያቴ ጓደኛ አይደሉም?"

"ነኝ" አለች። "አንተ ባትሆን ኖሮ፣ የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ፣ እንዲህ አልጨነቅም ነበር። ስማኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት እዚህ ተቀምጬ እንደዚያ ሲወረወር አላየሁም። አንድ ምት ብቻ።"

"ባለ አንድ ምት ጨዋታ ማንም ግድግዳው ላይ አይሰቅልም።"

"አትስቀለዋ።"

ልጁ ጥርሱን ነከሰ። ከዚያ ለሕፃናት ኮፍያቸው ላይ የሚፈርምበትን እስክሪብቶ ከኪሱ አወጣ። ቨርና ወዲያው መዳፏን ካሬዋ ላይ አሳረፈች።

"ይቺን አትነካትም። ጎን ላይ ግን ባዶ ቦታ አለ። የምትለው ካለህ እዚያ በል። ስምህንም ጻፍበት።"

አጥሩ ላይ አስደግፎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ መለሰላት። አላመሰገናትም፣ አልተሰናበታትም። እሷም አልጠበቀችም።

ስትመለስ ሮስኮ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ነበር። "ምን ጻፈ?"

"ኳሱ ስህተት ነበር ይላል።"

"እና ዝም አልሽው?"

"ሐሰት ነው። ግን ስሙን አስቀምጦበታል።"

ግሌን እንደገና ሊያስጮህ ሲነሳ ሮስኮ ዞሮ "ተቀመጥ አንተ!" አለው። "በሕይወትህ ስምህን የጻፍክበት ነገር አለ?" ግሌን ተቀመጠ። ሮስኮ ወንበሩን አየው፣ ቨርናን አያት፣ ግን አልመጣም።

"ገና ተናድጃለሁ" አላት።

"ተናደድ" አለችው፣ የዕለቱን አዲስ ገጽ በጉልበቷ ላይ እያስተካከለች። "ጨዋታው ሊጀመር ነውና ወይ ተቀመጥ ወይ ከፊቴ ዞር በል፣ ከልለኸኛል።"

ሮስኮ ወደ ማዶ ተመለሰ። ዳኛው እጁን አነሳ፣ የመጀመሪያዋ ኳስ ተወረወረች፣ ቨርናም ጻፈች።