ከላሟ በፊት የገዢው እግር

ወረታ ከብት ተራ ሥራ የጀመርሁ ዕለት ጌታዬ ጋሽ ካሴ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ላም ማየት አይደለም፤ የገዢ እግር ማየት ነው። «ጥቁር ጭቃ ካለበት የፎገራ ሜዳ ሰው ነው። ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ሲያማርጥ ይውላል፤ አትድከምበት። ቀይ አፈር ካለበት ግን ከደጋ የወረደ ነው። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ትልቋን አሳየው» አሉኝ።

ዘዴው ይሠራ ነበር። ነገር ግን ደጋ የወጡት ትልልቅ ላሞች ከርመው ወደ ገበያ ይመለሱ ጀመር፤ አጥንታቸው ገጦ፣ ሳይወልዱ። ጋሽ ካሴ «ብርዱ ነው» ይላሉ። የዚያው አገር ትንንሽ ላሞች ግን በዚያው ብርድ ይወልዳሉ። ለእኔ ነገሩ የሆድ ነበር። ሜዳው ላይ የጣና ውኃ ሲሸሽ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፤ ደጋው በበጋ ድንጋይና ጭድ ነው። ትልቅ ላም ለራሷ ሳትጠግብ ጥጃ ከየት ታምጣ?

አንድ ቀን አባ ስመኝ መጡ፤ ከጣራ ገዳም አጠገብ የሚቀድሱ ቄስ ናቸው። ቀዩ አፈር እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። መስቀላቸውን ተሳለምሁ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። የሙሽራው አባት ለጎጆ መውጫ የፎገራ ላም ሊሰጥ መሆኑን ሰምተው፣ ከሽማግሌ ፊት እንዳያንሱ ቸኩለዋል።

«ያችን ቡሬ ስጠኝ» አሉ። ከተራው ሁሉ ትልቋ ናት።

«አባ፣ ሙሽሮቹ የት ነው የሚኖሩት?»

«ከእኛው ተረተር ላይ።»

«ሚያዝያ ላይ ላሟ ምን ልትበላ ነው?»

ወደ ቡሬዋ ትልቅ ሆድ አዩ።

እኔ ደጋ ተወልዳ ያደገች አንዲት አጭር ጥገት ጎተትሁ፤ ጥጃዋ ትከተላለች።

«ይችን? አማቾቼ ፍየል አመጣ ይሉኛል!»

«ከሽማግሌ ፊት ከብቱ በክንድ ነው የሚለካ ወይስ በራስ ነው የሚቆጠር?»

«በራስ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ይች ከነጥጃዋ ሁለት ናት።»

ጋሽ ካሴ በዱላቸው ጎኔን ጎሸም አደረጉኝ። አባ ስመኝ ግን ገመዱን ያዙ። «ካፈርሁ እዚህ ድረስ ወርጄ ነው የምረግምህ» አሉኝ።

ሠርጉ ላይ የሙሽራው አጎት ላሟን አይቶ «ጡት የጣለችው መቼ ነው?» ብሎ ሳቀ አሉ። ሽማግሌው ግን «ከዚህ ወገን ሁለት» ብሎ ቆጠረ። ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ።

በሁለተኛው በጋ ማብቂያ ላይ ሙሽሮቹ ወዳሉበት ተረተር ወጣሁ። ሙሽሪት አጭሯን ታልባለች፤ ከጎኗ አዲስ ጥጃ ታስሯል። ከሙሽራው ወገን የመጣችው ትልቋ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ከመጣች አልወለደችም።

ሙሽራው «ጋሼ፣ ይችን ምን እናድርጋት? እንዳናርዳት እንኳ ሥጋ የላትም» አለኝ።

«አገሯ ትመለስ» አልሁት።

ቀስ እያልሁ ነድቼ ፎገራ ላለ ገበሬ ሰጠኋት፤ በምትኳ ደጋ የለመደች ጊደር ወሰድሁላቸው። ትልቋ ሜዳው ላይ ከረመችና በዓመቱ ወለደች። ጊደሯም ተረተሩ ላይ ወለደች።

ጋሽ ካሴ ይህን ሲሰሙ «እኔ እግር እይ ያልሁህ ለዚህ ነበር?» አሉኝ።

«አሁንም እግር ነው የማየው፤ አፈሩ ሣሩን ይነግረኛል።»

«ትልቋንስ ለማን ትሸጣለህ?»

«ጥቁር ጭቃ ለረገጠው።»

«እሱማ ሲያማርጥ ነው የሚውል!»

«ይዋል።»

ከዚያ ወዲህ የሸጥኋት ላም ከስታ ስትመለስብኝ እምብዛም አላየሁም። ላም ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ሣሩ ነው፤ የላሟ ቁመት ከዚያ በኋላ ነው።