ልጄ የምታነብልኝ መልእክት

በፈረንጆቹ 2015፣ በመጸው ነው። እዚህ በሰው አገር፣ ልጄ አግብታ ሊንውድ የምትባል ሌላ ከተማ ገብታለች፤ እኔ ዴ ሞይን፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ቀርቻለሁ። እሷም ሥራ አላት፣ እኔም ኤርፖርት በፈረቃ አጸዳለሁ።

ስኳር አለብኝ። እንግሊዝኛው ስለሚከብደኝ ክሊኒክ ያስመዘገብኩት ስልክ የእሷን ነበር። የሰፈሩ ክሊኒክ የራሱን መልእክት ይልካል፤ የፌዴራል መንግሥቱ የጤና መድን ደግሞ የራሱን። አንዱ ያለውን ሌላው አያውቅም። ዓይኔን ታይቼ በመጣሁ ሳምንት "ዓይንሽን ታዪ" የሚል ይመጣል። ልጄ ሁሉንም አንብባ፣ አጣርታ ትደውልልኛለች።

"እማዬ፣ ለደም ምርመራው ጾመሽ ነይ ይላሉ።"

"እኔን ነው ጹሚ የሚሉት?"

"አዎ፣ ውሃ መጠጣት ግን ትችያለሽ ብለዋል። ከንስሐ አባትሽ ይሻላሉ።"

"አንቺ ባለጌ!"

እንስቃለን። ከዚያ ስለ ባሏ፣ ስለ አለቃዋ፣ ስላረረባት ወጥ ታወራኛለች።

በኅዳር ክሊኒኩና መድኑ መልእክታቸውን አገናኙ። የክሊኒኩ አስተርጓሚ ስልኬን ተቀብላ አስተካከለችልኝ።

"ከእንግዲህ የመድኑም የእኛም መልእክት አንድ ላይ፣ በአማርኛ፣ በእርስዎ ስልክ ይመጣል። ልጅዎን ማስቸገር ቀረ" አለችኝ።

እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከዚያ በኋላ ቀጠሮ አልተምታታብኝም። በገዛ ቋንቋዬ፣ አክብረው ነው የሚጽፉልኝ።

ልጄ ግን መደወል ተወች። ጨክና አይደለም፤ ሁሉም በእጄ እንደሚደርሰኝ ታውቃለች፣ ምን ብላ ትደውል? ስልኬ ድምፅ ባሰማ ቁጥር እሷ መስላኝ እጄን ሳላደርቅ አነሣለሁ። "ነገ ቀጠሮ አለዎት" ይላል።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የምርመራ ውጤቴ መጣ። ስኳሬ ወርዷል። "ተመስገን" አልኩ ጮክ ብዬ። ቤት ውስጥ "እሰይ" የሚለኝ አልነበረም። ለልጄ ልደውል ስልኩን አነሣሁና፣ ደክሟት ይሆናል ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ማታ ለጸሎት ስቆም ስለ ጤናዬ አመስግኜ ጨረስኩ፤ ከዚያ የለመንኩት ድምጿን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሥራ ሳትገባ ደወልኩላት።

"እማዬ! ምን ሆንሽ? ክሊኒኩ ምን አለ?"

"ደህና ነሽ አለኝ። ለዚያ አይደለም የደወልኩት። ቁርስ በላሽ?"

"ገና ነኝ።"

"እንግዲያው ብዪ" አልኳት፤ በልታ እስክትጨርስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆየሁ።