የአግዳሚው ጫፍ

ሰውየው ሆዱን በቀዶ ሕክምና ካሳነሰ ዓመት ቢሞላውም፣ የመሥሪያ ቤቱን ክበብ በር ዛሬም በጎኑ ነው የሚገባው። ሸሚዙ ማንጠልጠያ ላይ የቀረ ይመስላል። አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጥና በሻይ ማንኪያ አራቴ ጎርሶ፣ እያንዳንዷን ውሃ እስክትሆን አላምጦ፣ ሳህኑን ይገፋዋል። ድሮ «ድስት ገልባጩ መጣ» እያለች ከኋላው ትስቅ የነበረችውን ወጥ ቤት ዛሬ አንጀቷን በላት።

«በሞቴ፣ ትንሽ ጨምር።»

«በቃኝ፣ እትዬ።»

«ወንበሩ እንዳለ ባዶ ሆኖ ጫፍ ላይ ምን አንጠለጠለህ? ቦታ የምትለቀው ለማን ነው?»

አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፉ ዳበስ አደረገው።

«ለዚያ ለወፍራሙ ነዋ» አላት። «ጨዋታ የሚያውቀው እሱ ነበር።»