የላባው ጥያቄ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ የተማርኩትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ለአጎቴ ለጋሼ አርባ የሚነበብ አንቺም ጻፊ ስላሉኝ ነው። ስለ ቆዳ ቀዶ ሕክምና ምርምራቸው ባልደረቦቻቸው ይጽፋሉ። እኔ የማውቀው የዶሮ ላባቸውን ነው።

ልጅ ሳለሁ ደብረ ኤልያስ ቤታችን ውስጥ እጄን እሳት በላው። ጋሼ ከጭኔ ቆዳ ወስደው፣ ገና በሚመራመሩበት አሠራር፣ እጄ ላይ ተከሉልኝ። ቆዳው ያዘ፤ ሲነኩት ግን አይሰማኝም። ከዚያ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ዓይኔን ያስጨፍኑኝና በላባ እየነካኩ «ነካሁሽ?» ይሉኝ ነበር። መልሴን ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር።

አንድ ቀን ደስ እንዲላቸው ብዬ «አዎ፣ ነኩኝ» አልኩ።

«እስቲ ዓይንሽን ግለጪ።»

ላባው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«አንቺ ቀጣፊ! እኔን ለማስደሰት ከዋሸሽ፣ ነገ ለምትቃጠለው ልጅ ምን ይዤ ልቅረብ?» ብለው ሳቁ። እኔ አፈርኩ።

ባለፈው ክረምት ታመው ልጠይቃቸው ሄድኩ። አልጋቸው ላይ እንዳሉ ላባውን አስመጡ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አውራ ጣቴ ሥር ጉንዳን የሄደ መሰለኝ።

«ጋሼ፣ ነኩኝ።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

እየነኩም እያስቀሩም ደጋግመው ጠየቁኝ፤ አንዱንም አልሳትኩም።

አሁን እሳቸው ስለሌሉ በራሴ እጅ ልሞክረው ብል አይሆንም፤ መቼ እንደምነካው አስቀድሜ አውቃለሁ። ያን ቀን ተሰናብቼ በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ።

«ትንሿ ጣትሽ ገና ትቀረናለች፤ ለመስቀል ነይ።»